ድሬ ላይ ለውድድር ካርት የሊድ አሲድ ባትሪ ፓክ ፍሎት ቻርጅ አደራረግና አያያዝ

ኤሌክትሪክ ካርት (ትንሿን የውድድር መኪና) ሰርታችሁ ለመወዳደር ምትዘጋጁ ልጆች ሁሌ ምትጠይቁት ስለ ሞተርና ስለ ኮንትሮለር ነው። ባትሪው ማታ ተሰክቶ ጠዋት ሚነቀል ነገር ብቻ ይመስላችኋል። ፓክ (አንድ ላይ የታሰሩት ባትሪዎች) ግን ብዙውን ግዜ ሚጎዳው ሩጫው ላይ አደለም፣ በሁለት ውድድር መሀል ባሉት ሳምንታት ቤት ቁጭ ብሎ ነው ሚጎዳው። ድሬ ላይ ደሞ ዋናው ምክንያት ቻርጀሩ ለ25 ዲግሪ ተብሎ ተሰርቶ ባትሪው 36 እና 38 ዲግሪ ውስጥ መዋሉ ነው። እዚ ምፅፈው ከመግዛት ጀምሮ እስከ ማስወገድ ያለውን ነው፣ በተለይ ፍሎት ቻርጅን፣ ማለትም የሞላ ባትሪን ዝቅ ባለ ቮልቴጅ ሞልቶ ማቆየትን፣ ይረዝማል ግን ታገሱኝ፣ ዛሬ ስድስት ባትሪ ምን ያህል እንደሚያወጣ እናንተም ታውቁታላችሁ።

በሊቲየም ዘመን ሊድ (እርሳስ) ምን ያረጋል ለሚል ሰው፣ በ1899 ፈረንሳይ ውስጥ ካሚል ዥናትዚ በሰአት 100 ኪሎሜትርን ለመጀመሪያ ግዜ ያለፈው በሊድ አሲድ ባትሪ በሚሄድ መኪና ነው። አሜሪካ ውስጥም ዋይት ዞምቢ ሚሏት የ1972 ዳትሰን ሊቲየም ከመግጠሟ በፊት 400 ሜትሩን በሊድ ባትሪ 12 ሰከንድ አካባቢ ትጨርሰው ነበር። ለአጭር ግዜ ብዙ አምፒር ይሰጣል፣ ዋጋው ይቀላል፣ የኤሌክትሪክ ባጃጅ እቃ ሚሸጥበት ሁሉ ይገኛል። ክብደቱ ነው ችግሩ፣ እሱን ችሎ መስራት ነው።

ከዚ በታች ምሳሌ ማደርገው ስድስት ባለ 12 ቮልት 20 አምፒር-ሰአት ደረቅ ባትሪ በሲሪየስ (የአንዱ ፖዘቲቭ ከቀጣዩ ኔጌቲቭ ጋር) የታሰረበትን የ72 ቮልት ፓክ ነው። የናንተ አራት ከሆነ በአራት፣ ስምንት ከሆነ በስምንት አባዙት።

ከመንካታችሁ በፊት

72 ቮልት ስሙ ነው እንጂ ቻርጅ ላይ 88 ቮልት ይደርሳል፣ ይሄ ደሞ ዲሲ ነው፣ ድሬ ላይ እጅ ሁሌ ላብ አለው፣ ላብ ያለው እጅ ደሞ ከረንት በደንብ ያሳልፋል። ቀለበት፣ ሰአት፣ ሀብል አውልቁ። የመፍቻውን እጀታ ጫፉ ብቻ እስኪቀር በናስትሮ ጠቅልሉት፣ ምክንያቱም ብረት ከአንዱ ፖዘቲቭ ወደ ሌላው ኔጌቲቭ ከወደቀ በመቶዎች ሚቆጠር አምፒር ይሄድበትና እዛው ይበየዳል። በሶስተኛውና በአራተኛው ባትሪ መሀል በእጅ ሚነቀል ማገናኛ አድርጉ፣ ስራ ስትጀምሩ መጀመሪያ እሱን ነቅላችሁ ፓኩን ሁለት ባለ 36 ቮልት ታደርጉታላችሁ። ፊውዙ ዲሲ ሚል የተፃፈበትና ለፓኩ ቮልቴጅ ሚበቃ ይሁን። የቤት ብሬከር አስገብተው ሚጠቀሙ አይቻለሁ፣ ይሄ አደገኛ ነው፣ ኤሲ (የቤት መብራት) በሰከንድ 100 ግዜ ዜሮ ላይ ስለሚያልፍ ብሬከሩ ሲቆርጥ ውስጡ ሚነሳው እሳት እዛ ላይ ይጠፋል፣ ዲሲ ግን ዜሮ ላይ ሚያልፍበት ግዜ ስለሌለ እሳቱ ሊቀጥል ይችላል።

ቻርጅ ሲደረግ በተለይ መጨረሻው አካባቢ ሃይድሮጂን ይወጣል፣ አየሩ ውስጥ 4 ፐርሰንት ከሞላ በአንድ ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። ደረቅ ሚባለውም ባትሪ ከልክ በላይ ከተሞላ በቫልቩ ያስወጣል። ስለዚ መስኮት ክፍት ይሁን፣ ቡና ሚፈላበት ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ በፍፁም አይሆንም። አሲድ ከነካችሁ በብዙ ውሃ እጠቡ፣ አይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ ሳታቋርጡ እያጠባችሁ ወደ ሀኪም፣ መሬት ላይ ለፈሰሰው ቤኪንግ ሶዳ።

ግዢ

ለውድድር ውሃ ሚጨመርበትን አልመክርም፣ ካርት መታጠፊያ ላይ ሲናወጥ አሲድ ይረጫል። ኤጂኤም ሚባለውን ደረቅ ባትሪ ውሰዱ። ጎኑ ላይ ሁለት ቮልቴጅ ተፅፎ ታገኛላችሁ፣ ሳይክል ዩዝ ሚለው ለመሙላት ነው፣ ብዙ ግዜ 14.4 እስከ 14.7 አካባቢ ይላል፣ ስታንድባይ ዩዝ ሚለው ፍሎት ነው፣ 13.5 እስከ 13.8። ሁለቱም ለ25 ዲግሪ ነው። እውነተኛ ጄል (አሲዱ እንደ ጄሊ የረጋበት) ከሆነ መሙያው ዝቅ ይላል፣ 14.1 እስከ 14.4፣ ስለዚ ሻጩ ጄል ነው ስላለ ብቻ አትመኑ፣ ፅሁፉን አንብቡ።

አምፒር-ሰአቱ በስንት ሰአት እንደተለካም እዩ። ለዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር ለሚይዘው) የተሰራ 20 አምፒር-ሰአት ብዙ ግዜ በ20 ሰአት የተለካ ነው፣ ማለትም 1 አምፒር ለ20 ሰአት። ውድድር ላይ 100 አምፒር ስትስቡት ከተፃፈው ግማሹንም ላይሰጣችሁ ይችላል። ለባጃጅና ለኤሌክትሪክ ሳይክል ሚመጡት ግን በ2 ወይ በ3 ሰአት ሚለኩ ናቸው፣ ቁጥሩ አንድ ሆኖ ስራው ይለያያል።

ሱቅ ስትሄዱ ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ፣ ሻጩ ቢያኮርፍም ይለመዳል። ባትሪ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ራሱን ይጨርሳል፣ ጥሩ ኤጂኤም በ25 ዲግሪ በወር 3 ፐርሰንት አካባቢ ያጣል፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ይሄ ወደ እጥፍ ይሆናል፣ ቆርቆሮ ስር ያለ መጋዘን ውስጥ ወራት የከረመ ባትሪ ምን እንደሚሆን አስቡት። ከ12.6 ቮልት በታች ካሳየ አትግዙት፣ ሳልፌት ጀምሮት ሊሆን ይችላል። ሳልፌት ማለት ባዶ ሆኖ የቆየ ባትሪ ሰሌዳው ላይ ሚጠነክረው ክሪስታል ነው፣ ከጠነከረ በኋላ በቻርጅ አይመለስም። ሁሉም ባንድ ቀን የተመረቱ ይሁኑ፣ የቀን ኮዱ ላዩ ላይ ወይ ጎኑ ላይ ተመትቷል። ስድስት ካስፈለጋችሁ ሰባት ግዙ፣ ሰባተኛውን ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ማመሳሰል

ይሄን ሁሉም ይዘለዋል፣ እኔ ግን የፓኩን እድሜ ግማሽ ሚወስነው ይሄ ነው ብዬ ነው ማምነው። በሲሪየስ የታሰረ ፓክ ላይ ሁሉም ውስጥ ሚያልፈው ከረንት እኩል ነው፣ ደካማው ቀድሞ ያልቃል፣ ሌሎቹ ግን መግፋታቸውን ስለማያቆሙ ደካማውን በግልባጩ ቻርጅ ያደርጉታል፣ አንድ ሁለት ግዜ እንደዛ ከሆነ አለቀለት።

በማርከር ከ1 እስከ 7 ቁጥር ፃፉባቸው፣ ደብተር ያዙ። እያንዳንዱን ለብቻው በባለ 12 ቮልት ቻርጀር ሙሉ፣ ከዛ ምንም ሳታገናኙ 24 ሰአት አስቀምጡና ለኩ። ጤነኛ የሞላ ኤጂኤም 12.8 እስከ 13.0 ነው ሚያሳየው። ከሌሎቹ በ0.1 ቮልት ሚያንስ ካለ ምልክት አድርጉበት።

ቀጥሎ ባትሪውን የመጨረስ ሙከራ። የመኪና የፊት መብራት አምፖል 55 ዋቱ ወደ 4.5 አምፒር ይስባል፣ እሱን ባትሪው ላይ አስሩ፣ ሰአት ያዙ፣ እየተሳበ እያለ 10.5 ቮልት ሲደርስ ወዲያው ንቀሉ። ከ10.5 በታች አታውርዱት፣ ሰዎች ትንሽ ይቀረዋል እያሉ ነው ሚገሉት። ሌሎቹ 4 ሰአት ተኩል ሄደው አንዱ 4 ሰአት ላይ ካቆመ እሱ ከ10 ፐርሰንት በላይ ያንሳል ማለት ነው፣ ፓኩ ውስጥ አታስገቡት፣ መልሱትና አስቀይሩ። ሙከራው ያለቀ ባትሪ እዛው ቻርጅ ላይ ይግባ፣ አያድር። ሰባቱን ለመጨረስ ቀናት ይወስዳል፣ አቦ ታገሱ፣ ይሄን ያደረገ ልጅ ውድድር መሀል አይቆምም።

ቻርጀር

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አንድ ባለ 72 ቮልት ቻርጀር ለመላው ፓክ፣ ባጃጆቹ እንደሚጠቀሙት። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ባትሪ የራሱ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ቻርጀር፣ ስድስት ቻርጀር። አቅማችሁ ከፈቀደ ሁለተኛውን አድርጉ፣ ምክንያቱም አንዱ ቀድሞ ሲሞላ የሱ ቻርጀር ብቻ ይቀንሳል፣ ሌላው እስኪሞላ ይቀጥላል፣ ፓኩ ሁሌ እኩል ሆኖ ያድራል። በባለ 72ቱ ግን ቻርጀሩ ድምሩን ብቻ ነው ሚያየው፣ አንዱ 15 ላይ ሌላው 14.2 ላይ ቢሆን ለሱ ያው 88 ነው።

ስድስቱን ከመሰካታችሁ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ። የቻርጀሩ የዲሲ ኔጌቲቭ ከመሰኪያው የመሬት እግር ጋር መገናኘት የለበትም፣ ቻርጀሩን ከግድግዳ ነቅላችሁ በቴስተር ኦም ላይ ለኩት። ከተገናኘ፣ ሁለት እንደዛ ያሉ ቻርጀሮች ሲሪየስ ላይ ስትሰኩ በመሬት ሽቦው በኩል ሾርት ታደርጋላችሁ። አንድ ባለ 12 ቮልት ፓወር ሳፕላይ ገዝቶ ለስድስቱም በትይዩ አከፋፍላለሁ ሚል ሀሳብም እንደዛው ነው፣ ባትሪዎቹ እርስ በርስ እንደታሰሩ ከሆነ ያቃጥለዋል።

የቻርጅ ስራ በሶስት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ከረንቱ ቋሚ ሆኖ ቮልቴጁ ይወጣል፣ ለ20 አምፒር-ሰአት ባትሪ 3 ወይ 4 አምፒር ይበቃል። ከዛ ቮልቴጁ 14.4 እስከ 14.7 ላይ ቆሞ ከረንቱ እየወረደ ይሄዳል፣ ይሄ አብዞርፕሽን ነው። ከረንቱ ወደ 0.2 እስከ 0.4 አምፒር ሲወርድ ሞልቷል፣ እዛ ላይ ወደ ፍሎት መውረድ አለበት። ከረንቱ መውረዱን ትቶ መልሶ ከጨመረ ወይ ባትሪው 50 ዲግሪ ከደረሰ አጥፉ፣ አትጠብቁ፣ ሙቀቱ ከረንቱን እየጨመረ ከረንቱ ሙቀቱን እየጨመረ እስከ ማበጥ ይሄዳል።

ፍሎቱ ራሱ

አሁን ዋናው ቦታ ደረስን። ፍሎት ማለት የሞላውን ባትሪ ራሱን ሚያጣውን ያህል ብቻ እየተካ ሚይዝ ዝቅ ያለ ቮልቴጅ ነው። ዝቅ ካለ ሳልፌት፣ ከፍ ካለ ውስጡ ያለው ውሃ ወደ ጋዝ እየተቀየረ ይደርቃል፣ ፖዘቲቭ ሰሌዳው ይበላል። ደረቅ ባትሪ ውስጥ ያለቀ ውሃ ደሞ አይተካም። መሀል ያለው ቦታ ጠባብ ነው፣ እንደ ሙቀቱም ይንቀሳቀሳል።

በ25 ዲግሪ ለአንድ ኤጂኤም ባትሪ 13.6 ቮልት ያዙ። በያንዳንዱ ዲግሪ ጭማሪ 18 ሚሊቮልት ቀንሱ፣ ሲቀዘቅዝ በዛው ልክ ጨምሩ። በ30 ዲግሪ 13.5፣ በ35 ዲግሪ 13.4፣ በ40 ዲግሪ 13.3 ይሆናል። ለስድስቱ ፓክ በ25 ዲግሪ 81.6 ሲሆን በ35 ዲግሪ 80.5 ነው። አሁን የባጃጅ ቻርጀራችሁን ውሰዱና አረንጓዴ መብራቱ ከበራ በኋላ ስንት እንደሚሰጥ ለኩ፣ ብዙዎቹ 83 አካባቢ ናቸው፣ ይሄ ለአንዱ 13.8 ማለት ነው። በግንቦትና በሰኔ ድሬ ላይ ይሄ ሌት ተቀን ሲሰጠው ባትሪው ከሚገባው በ0.4 ቮልት በላይ እየተሞላ ነው። በሙቀቱ ብቻ እንኳን እድሜው ያጥራል፣ በየ10 ዲግሪው ወደ ግማሽ ይወርዳል ነው ሚባለው፣ ከላዩ ላይ ይሄ ሲጨመር አንድ ወቅትም አይቆይም።

ሐረር ያላችሁ ደሞ ሌላ ነው። በደንገጎ ሽቅብ ወጥታችሁ ከ1,200 ሜትር አካባቢ ወደ 1,900 አካባቢ ነው ምትደርሱት፣ ሌሊት ላይ ክፍሉ 20 ዲግሪ ወይ ከዛም በታች ይሆናል፣ እዛ 13.7 ነው ሚፈልገው። ድሬ ላይ የተስተካከለ ቻርጀር ሐረር ወስዳችሁ እንዳለ ከተጠቀማችሁበት ፓኩ በደንብ አይሞላም፣ በግልባጩ ደሞ ከልክ በላይ ይሞላል። ሁለቱ ከተማ እየተመላለሰ ሚወዳደር ልጅ ሁለቱንም ቁጥር ቻርጀሩ ላይ ፅፎ ይለጥፍ።

ሙቀት ስል የባትሪውን እንጂ የአየሩን አደለም። የቴርሞሜትር ጫፍ መሀል ያለው ባትሪ ጎን ላይ በናስትሮ ለጥፉ፣ ከላዩ ትንሽ ስፖንጅ አድርጉበት፣ መሀል ያለው ሁሌ ከዳር ካሉት ይሞቃል። ባትሪዎቹ መሀልም የጣት ስፋት ያህል ክፍተት ይኑር።

ቻርጀሩን እንዴት ታስተካክሉታላችሁ? አንዳንዱ ውስጡ በትንሽ ካቻቢቴ ሚዞር ማስተካከያ አለው። ከፍታችሁ ስታዩ ግን ተጠንቀቁ፣ ተነቅሎም ቢሆን ትልቁ ካፓሲተር ላይ 300 ቮልት አካባቢ ሊቆይ ይችላል፣ ማታውቁት ከሆነ ለሚያውቅ ሰጥታችሁ አሰሩት። እኔ ምመርጠው ቮልትና አምፒሩ ሚስተካከል ፓወር ሳፕላይ ለፍሎት ብቻ ለይቶ መያዝ ነው። ባትሪው ላይ ከማገናኘታችሁ በፊት ባዶውን በቴስተር 80.5 ላይ አድርጉት፣ አምፒሩን 1 ላይ ገድቡት፣ ከዛ አገናኙ። የሳፕላዩን ዲስፕሌይ አትመኑ፣ ቴስተሩን እመኑ፣ የቴስተሩንም ባትሪ ቀይሩለት፣ የደከመ ቴስተር ከፍ አድርጎ ያነባል።

መብራት ሲሄድ ሲመጣ

ከውጪ ሚፃፉ መመሪያዎች ይሄን አይነግሯችሁም፣ እነሱ ጋር መብራት አይሄድም። ርካሽ ቻርጀር መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የት እንደነበረ አያስታውስም፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል፣ የሞላውን ባትሪ መልሶ እስከ 14.7 ይገፋዋል። በቀን ሶስት አራቴ መብራት ሚሄድበት ሰፈር ባትሪው ፍሎት ላይ ነው ብላችሁ ስታስቡ እሱ ቀኑን ሙሉ ከልክ በላይ እየተሞላ ነው ሚውለው። ሌላው ደሞ መብራት ሲጠፋ አንዳንዱ ቻርጀር ከባትሪው መልሶ ትንሽ ይስባል፣ ጠፍቶ እያለ ከረንቱን በሚሊአምፒር ለክታችሁ እዩት።

ስለዚ ሁለት ነገር። የመጀመሪያ፣ ለፍሪጅ ሚገዛውን መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ሚለቀውን መከላከያ ከቻርጀሩ በፊት አድርጉ፣ መብራት ሲመለስ ከፍ ብሎ ሚመጣው ቮልቴጅ እስኪያልፍ ይጠብቅላችኋል። ሁለተኛ፣ መሙያ ቻርጀሩን ሞልቶ ሲጨርስ ንቀሉት፣ ፍሎቱን በዛ በቋሚ ቮልቴጅ ሳፕላይ ብቻ ያዙ፣ እሱ መብራት ቢሄድም ቢመጣም 80.5 ነው፣ ሌላ አያውቅም። ሳፕላይ ከሌላችሁና ያላችሁ ያ ርካሽ ቻርጀር ብቻ ከሆነ ፍሎት አታድርጉ ነው ምላችሁ። ሞልታችሁ ንቀሉ፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሌሊት መልሳችሁ ሙሉ። ኤጂኤም በሁለት ሳምንት በ35 ዲግሪ 3 ፐርሰንት አካባቢ ቢያጣ ነው፣ ይሄ ከተሳሳተ ፍሎት በጣም ይሻላል።

ቻርጅ ሚደረግበት ሰአት ሌሊት ይሁን፣ ከማታ 3 ሰአት እስከ ንጋት። ከተማው ራሱ በቀትር ሱቁን ዘግቶ ሚተኛው በምክንያት ነው፣ ባትሪውንም በቀትር አትሙሉት። ሲሚንቶ ላይ ባትሪ አይቀመጥም፣ ይጨርሰዋል ሚሉት የድሮ ነገር ነው፣ የዛሬ ባትሪ ሽፋኑ ፕላስቲክ ስለሆነ ሲሚንቶ ምንም አያረገውም፣ እንዲያውም ድሬ ላይ በቤቱ ውስጥ ቀዝቃዛው ቦታ ሲሚንቶው ወለል ነው፣ እዛ አስቀምጡት። ቆርቆሮ ስር ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ግን በፍፁም።

የሳምንት ምርመራ

ፓኩ ፍሎት ላይ እያለ እያንዳንዱን ባትሪ ለኩና ደብተሩ ላይ ቀኑን፣ ሙቀቱንና ስድስቱን ቁጥር ፃፉ። አዲስ ኤጂኤም መጀመሪያ አካባቢ ትንሽ ይለያያል፣ እየቆየ ይቀራረባል። ምትፈልጉት ለውጡን ነው። በ80.5 ፓክ ላይ አንዱ 11.5፣ ሌሎቹ አምስቱ 13.8 ካሳዩ አንድ ሴል (ባትሪው ውስጥ ካሉት ስድስት ክፍሎች አንዱ) ሾርት አድርጓል። ድምሩ ያው 80.5 ስለሆነ ቻርጀሩ ምንም አይታየውም፣ ጤነኞቹ አምስቱ ግን የሱን ድርሻ ተካፍለው ከልክ በላይ እየተሞሉ ነው። ባንድ ሳምንት ካልተያዘ ስድስቱንም ይዞ ይሄዳል፣ ለዛ ነው ድምሩን ብቻ መለካት በቂ ያልሆነው። ከረንቱንም እዩ፣ ጤነኛ ፓክ ፍሎት ላይ ሚስበው ጥቂት አስር ሚሊአምፒር ነው፣ ሙቀቱ ሳይጨምር ከሳምንት ሳምንት እየጨመረ ከሄደ ከመሀላቸው አንዱ እየደከመ ነው።

በወር አንዴ ማያያዣዎቹን። ቡሎንና ዳዶው ከላላ ማያያዣው ላይ 1 ሚሊኦም ብቻ ቢጨመር በ200 አምፒር 0.2 ቮልት ይጠፋል፣ 40 ዋት ሙቀት እዛች ነጥብ ላይ ይሆናል፣ እርሳሱን ያቀልጠዋል። ካርቱን አስነስታችሁ ስታዩ በሁለት ባትሪ መሀል ያለውን ማያያዣ ጫፍና ጫፍ በሚሊቮልት ለኩ፣ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከበለጠ ፈትታችሁ በብርጭቆ ወረቀት አፅዱት፣ አጥብቁት፣ ከላዩ ላይ ቫዝሊን ቀቡ። ቫዝሊን ካጠበቃችሁ በኋላ ነው፣ በፊት አደለም።

ውሃ ሚጨመርበት ባትሪ ያላችሁ ልጆች፣ ውሃ ሚጨመረው ቻርጅ ካለቀ በኋላ ነው፣ ሰሌዳው ከታየ ብቻ መጀመሪያ እስኪሸፍነው ትጨምራላችሁ። የባትሪ ውሃ ብቻ። የድሬ የቧንቧ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ሚጋግረውን ነጭ ነገር ታውቁታላችሁ፣ ያ ባትሪ ውስጥ መግባት የለበትም። የአሲዱ ጥግግት ባትሪው ሲሞላ 1.265 እስከ 1.28 ይሁን። ራሱን ቶሎ ስለሚጨርስ በየሳምንቱ ሙሉት።

የውድድር ቀን

ሊድ አሲድ ሲሞቅ የበለጠ ከረንት ይሰጣል፣ ብርድ አገር ያሉት ተወዳዳሪዎች ከሩጫው በፊት ባትሪውን ሚያሞቁት ለዛ ነው። ድሬ ላይ ይሄ አያስፈልጋችሁም፣ ፀሀይ ላይ አታቁሙት፣ ጥላ ፈልጉለት። ሐረር ላይ ጠዋት ከሆነ ግን ሌሊቱን በብርድ ልብስ ሸፍናችሁ ብታሳድሩት ልዩነቱን ታዩታላችሁ፣ ቻርጅ እየተደረገ ግን አትሸፍኑት። አጭር ሩጫ ከሆነ ከቻርጀር እንደተነቀለ ግቡ፣ ላዩ ላይ ያለው ትርፍ ቮልቴጅ ቶሎ ነው ሚጠፋው።

ከሩጫው በኋላ ባዶ ባትሪ ይዞ ማደር የለም፣ ደስታው ቢኖርም ሀዘኑ ቢኖርም። ግን ትኩስ እያለ አትሰኩት፣ ከ45 ዲግሪ በላይ ከሆነ ቬንትሌተር አድርጉበት፣ ወደ 35 ሲወርድ ጀምሩ፣ ያው ማታ ይሆናል። ሞልቶ ካለቀ ከ12 ሰአት በኋላ ለብቻቸው ለኩ፣ ከ12.8 በታች የቀረ ካለ እሱን ብቻ በባለ 12ቱ ቻርጀር ሙሉት። ከ12.5 በታች ያገኛችሁትን ደሞ ለነገ አትበሉ።

ሰባተኛው ባትሪ

አንዱ ሲሞት አዲስ ገዝታችሁ ከአሮጌዎቹ ጋር ካሰራችሁት አዲሱም አሮጌዎቹም ይጎዳሉ፣ አይመጣጠኑም። ሰባተኛው ለዛ ነው፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እሱንም በ13.4 ፍሎት ላይ ያዙት፣ በየወሩ በአንዱ ቀይሩት፣ ማለትም ቁጥር 1 ወጥቶ ያርፋል 7 ይገባል፣ በሚቀጥለው ወር 2 ይወጣል። እንደዛ ካረጋችሁ ሰባቱም እኩል ያረጃሉ፣ አንዱ ሲበላሽ ሚተካው እኩያው ነው።

በየስድስት ወሩ የአምፖሉን ሙከራ ድገሙት። መጀመሪያ ከሄደበት 80 ፐርሰንት በታች ሲሆን ለውድድር አይሆንም፣ ለቤት መብራት ወይ ለትንሽ ሶላር ግን ገና ያገለግላል። ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይ ሴሉ ሾርት ያደረገ ከሆነ ለዛም አይሆንም። ከፍታችሁ አሲዱን ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አትድፉ፣ እርሳሱ መርዝ ነው፣ ልጆች እዛ ይጫወታሉ። ፖሎቹን በናስትሮ ሸፍናችሁ፣ ቀጥ አድርጋችሁ፣ አሮጌ ባትሪ በኪሎ ለሚገዙት እንዳለ ስጡ።